አውራ ጣቱን ጫን አድርጎ

ባለፈው ሳምንት የጫማ ሥራ ሊጀምር ያሰበ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ሐቀኛ ሠራተኛ ከየት ይገኛል?» አለኝ። ዝም አልኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ሐቀኛ ሠራተኛ ነበረኝ፤ በገዛ አፌ ነው ያባረርኩት።

አዳማ ውስጥ ለፑል ስቲክ ጫፍ የሚለጠፍ ቆዳ እሠራ ነበር። 13 ሚሊ ሜትር የምትሆን ክብ ቁራጭ ናት። ኳሱን የምትነካው፣ እንዳያንሸራትት የሚቀባውን ቾክም የምትይዘው እሷ ናት። ቆዳ መለጠፍን አስጀመረ የሚባለው ፈረንሳዊው ካፒቴን ፍራንሷ ሜንጎ ከመምጣቱ በፊት ተጫዋቹ በባዶ እንጨት ሲመታ ኳሱን እንደ ልቡ ማሽከርከር አይችልም ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ለገና 400 ፍሬ ከሐዋሳ ታዘዝኩ። ከሞጆ ያመጣሁት የጀርባ ቆዳ ግማሹን እንኳ ሳይሞላ አለቀ። የተረፈኝ የሆድ ቆዳ ነው። የበሬ ጀርባ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሆዱ ልል ነው፣ ሲመቱት ይረግባል። ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ ቆረጥኩት።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ 19 ዓመቱ ነበር። እናቱ በየዓርቡ ቆሎ ትልክልን ነበር፤ ሱፍ የበዛበት፣ ገና ትኩስ። ልጁ ከሆድ ቆዳው የተቆረጠችውን አንስቶ በአውራ ጣቱ ጫን አደረጋት። ጥፍሩ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። የጀርባዋንም ጫን አደረገ፤ ምንም አልሆነችም። ሁለቱን መዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋልኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ ሳምንት አትቆይም።»

«አንተ ነህ እኔን የምታስተምረኝ?» አልኩት፣ ደንበኛ ፊት።

ማታ ቤቱን ጠርጎ፣ ቁልፉን ሞርሳው ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከሐዋሳ ተደወለ። ቆዳዎቹ እንደ እንጉዳይ ተዘርግተው ከስቲኩ ጠርዝ ወጥተዋል። ገንዘቡን መለስኩ። ልጁ ቤት ግን አልሄድኩም። በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ አፈርኩ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ቤተሰቡ ሰፈሩን ለቆ ሄደ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ፤ ስልክ ላይ ያያችሁትን በሳምንት ልትሸጡት ትፈልጋላችሁ። ካፒታል እስኪሞላ ብላችሁም አትቀመጡ፤ እኔ በአንድ ሞርሳና በአንድ ቢላ ነው የጀመርኩት። ስለ ቁጠባና ስለ ሒሳብ አያያዝ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ሠራተኛችሁ «ይህ ቆዳ አይሆንም» ሲላችሁ ግን፣ ከመመለሳችሁ በፊት ቆዳውን ንኩት።

የጠየቅኸኝ ልጅ፣ ሁለቱ ቁራጮች መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ቅዳሜ ና፣ ጫን አድርገህ እያቸው።