ሲዲ4 የሌለው የአንጎል ደም ሥር ሴል ውስጥ ኤችአይቪ እንዴት ይገባል?

"ሲዲ4 ከሌለው በየት በኩል ይገባል?" ላልከው፣ በተለመደው በር፣ ማለትም ቫይረሱ ሴል ላይ በሚጣበቅበት ሲዲ4 በተባለ ፕሮቲን በኩል አይደለም። የአንጎልን የደም ሥር ከውስጥ የሚሸፍኑት ሴሎች ሲዲ4 የላቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቫይረሱ ቲ ሴል (ሲዲ4 ያለው የነጭ ደም ሴል) ላይ እንደሚያደርገው ሽፋኑን ከሴሉ ሽፋን ጋር አዋህዶ አይገባም፤ ሴሉ ራሱ በትንሽ ከረጢት ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይስበዋል። አብዛኛው እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ተፈጭቶ ይቀራል። ጥቂቱ ግን ሳይበላሽ በወዲያኛው ወገን ሊወጣ ይችላል።

ግራ ያጋባህ "መያዝ" የሚለው ቃል ይመስለኛል። ገባ ማለት ተባዛ ማለት አይደለም። አንጎል ውስጥ ቫይረሱ በዋናነት የሚራባው ማክሮፋጅና ማይክሮግሊያ በሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ውስጥ ነው። እዚያ የሚደርሰውም በአብዛኛው የተያዙ ሞኖሳይቶች (ሌላ የነጭ ደም ሴል ዓይነት) እና ቲ ሴሎች የደም ሥሩን ግድግዳ ሰንጥቀው ሲያልፉ ተሸክመውት ነው።

የደም ሥር ሴሎቹ ሳይያዙም ይጎዳሉ፣ ይሄን እንዳትዘለው። ጂፒ120 እና ታት የሚባሉት የቫይረሱ ፕሮቲኖች ሴሎቹን እርስ በርስ የሚያጣብቁትን እንደ ክላውዲን 5 ያሉ ማሰሪያዎች ያላላሉ። ግድግዳው ያፈሳል፣ ሌሎች የተያዙ ሴሎችም መንገድ ያገኛሉ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ሴሎቹን በደንብ ሳላጥብ ፒ24 የተባለውን የቫይረሱን ፕሮቲን ለክቼ "ተይዘዋል" ብዬ ሳምንታት አባክኛለሁ፤ ለካ ላይ ላዩን የተለጠፈ ቫይረስ ነበር። መጀመሪያ በትሪፕሲን (ፕሮቲን በሚቆራርጥ ኢንዛይም) እጠባቸው። ከዚያ ለተከታታይ ቀናት ለካ። ቁጥሩ እየወረደ ከሄደ የምታየው ትርፍራፊውን ነው።