መልስ፦ የኋላ ጎማ በውስጥ ጠርዙ ብቻ ለምን ያልቃል?

ወንድሜ፣ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫና ዝንባሌ ልክ) «ልክ ነው» ተብሎ ሳለ የኤሌክትሪክ ኤስዩቪህ የኋላ ጎማዎች በውስጥ በኩል ብቻ ለምን እንዳለቁ ጠይቀሃል። ብዙ ሰው ካምበርን፣ ማለትም የጎማው አናት ወደ ውስጥ ማዘንበሉን ይወቅሳል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማስፈትሸው ቶውን፣ ማለትም ከላይ ሲታይ ጎማው ከቀጥታው መስመር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩን ነው። ካምበሩ ክብደቱን ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ያመጣዋል፣ የተዛባ ቶ ደግሞ ያንኑ ጠርዝ በየሜትሩ ወደ ጎን ይፍቀዋል። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና፣ ፔዳሉን ስትነካ ወዲያው የሚመጣው ጉልበት፣ ስትለቀው ደግሞ ሞተሩ የሚይዘው ፍሬን ሲጨመሩበት ጎማው አይችለውም።

መኪናው ቆሞ እያለ መዳፍህን በጎማው ጥርስ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያም ከውጭ ወደ ውስጥ አሳልፍ። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከያዘህ ቶው ነው። የብረት ሽቦ ብቅ ካለ ግን እጅህን አታስገባ፣ መኪናውንም አትንዳው።

«ልክ ነው» የሚለውን ቃል ብቻ አትቀበል። የተፈቀደው ልክ ሰፊ ስለሆነ ጫፉ ላይ ያለ ቁጥርም ያልፋል፤ ከማስተካከያው በፊትና በኋላ ያለውን ወረቀት ጠይቅ፣ ግራና ቀኙንም አስተያይ። የአየር ሰስፔንሽን (የመኪናውን ከፍታ በአየር ግፊት የሚያስተካክል ሥርዓት) ካለው ሁልጊዜ ዝቅ አድርገህ አትንዳ፤ መኪናው ዝቅ ሲል ካምበሩ ይጨምራል።

የፊትና የኋላ ጎማህ መጠን ከተለያየ የፊቱን ከኋላው ጋር ማቀያየር አይቻልም። አዲስ ስትገዛ የክብደት አቅሙን እይ፣ አላይመንቱንም ጎማው በተቀየረበት ቀን አሠራው።