ሐሳባዊነትን ላጥና ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ «የፍልስፍና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ማስተርሴን በሐሳባዊነት፣ ማለትም በአይዲያሊዝም ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። አንድ መምህሬ ግን ‹እሱ እኮ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ነገር ነው› አሉኝ። ቤተሰቦቼ ደግሞ ሥራ የሚያስገኝ ነገር አጥኚ ይሉኛል። ሲቪዬን አያይዣለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ከሲቪሽ ልጀምር። ከላይ «ሐሳባዊ ነኝ» ብለሽ ጽፈሻል። ዛሬውኑ አውጪው። ቀጣሪ ይህን ሲያነብ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ትዝ አይለውም። «ይቺ ልጅ እግሯ መሬት አልነካም» ብሎ ወደሚቀጥለው ነው የሚያልፈው። አንቺ ልትዪ የፈለግሽው ሌላ ነው፤ እውነታ ያለ አእምሮ ሊታሰብ ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ነው።

መምህርሽ የነገሩሽ ውሸት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ጎልተው የሚሰሙት ሐሳባውያን ነበሩ። በ1903 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጂ. ኢ. ሙር ሐሳባዊነትን ለማፍረስ ያለመ ጽሑፍ አወጣ። ሌላው እንግሊዛዊ ፈላስፋ በርትራንድ ራስልም ከሙር ጎን ቆመ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ በሚጻፈው ፍልስፍና ቃሉ ስድብ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። በ2009 ፊልፔፐርስ የተባለው መድረክ ፈላስፎችን ስለ ውጫዊው ዓለም ሲጠይቅ ሐሳባዊነትን የመረጡት ከመቶ 4 ግድም ብቻ ነበሩ።

ግን የሞተው የቱ ነው? እዚህ ጋ ነው መምህርሽን መልሰሽ መጠየቅ ያለብሽ። የአየርላንዱ ፈላስፋ በርክሌይ በ1710 ያለው፣ የቁስ መኖር ማለት መስተዋሉ ነው፤ ከአእምሮ ውጪ የቆመ ቁስ የሚባል ነገር የለም ነው። ካንት በ1781 ያለው ሌላ ነው። ዓለምን እኛ አልፈጠርናትም፤ ነገር ግን በቦታና በጊዜ፣ በምክንያትና በውጤት አድርገን ካልሆነ ልናውቃት አንችልም። ቅርጹ የመጣው ከእኛ ነው። በ1782 አንድ ሐያሲ ሁለቱን አንድ ላይ ቢፈርጃቸው ካንት በጣም ተናደደ። በ1787 ባወጣው ሁለተኛ እትም «ሐሳባዊነትን መቃወም» የሚል ክፍል እስከመጨመር ደርሷል። ራሱ ሐሳባዊው! በእኔ ግምት የዚያ የ4 በመቶ ቁጥር በዋናነት የሚነካው የበርክሌይን ዓይነት ነው።

የካንትና ከእሱ በኋላ የመጣው የጀርመናዊው ፈላስፋ የሄግል ዘር ግን አልጠፋም። በ1994 ፈላስፎቹ ጆን ማክዶዌልና ሮበርት ብራንደም፣ ሁለቱም ከአሜሪካው ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ፣ ከእነዚህ ሰዎች ብዙ የቀዱ መጻሕፍት በአንድ ዓመት አወጡ። ስለ ንቃተ ህሊና በሚደረገው ክርክርም በሩ ተከፍቷል። ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ በ1995 «ከባዱ ችግር» ያለው፣ የአንጎል ሥራ ለምን ከውስጥ የሚሰማ ስሜት ይኖረዋል የሚለው ጥያቄ፣ እስከ ዛሬ ሁሉንም የሚያስማማ መልስ አላገኘም። ስለዚህ አንዳንዶች ከአእምሮ ብንነሳስ እያሉ ነው። አንጎል የሚያየውን አስቀድሞ ይገምታል የሚለው የዛሬ ሳይንስም የቆየ ዘመድ አለው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማየት ሳናውቀው የምንሠራው ድምዳሜ ነው ሲል ካንትን ያነበበ ሰው ነበር።

ስለዚህ አጥኚው እልሻለሁ። ግን «በሐሳባዊነት ላይ» ብለሽ እንዳትገቢ። እሱ ርዕስ አይደለም፣ ባሕር ነው። ለምሳሌ «የ1787ቱ ክፍል በርክሌይን በእርግጥ ይመልሳል ወይ?» ብትዪ ጥቂት ገጾች ይዘሽ ዓመት ሙሉ ትሠሪበታለሽ።

ስለ እንጀራው ደግሞ፣ ቤተሰቦችሽ እውነት አላቸው። የመምህርነት ወንበር ጥቂት ነው፣ ተወዳዳሪው ብዙ። ድሮም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ካንት በሰው ቤት ልጆች ሲያስጠና ኖሯል። ከ1755 ጀምሮ በኮኒግስበርግ ሲያስተምር የሚከፍሉት ራሳቸው ተማሪዎቹ ነበሩ፤ ተማሪ ካልመጣ ገንዘብ የለም። የቤተ መጻሕፍት ረዳትም ሆኖ ሠርቷል። ወንበሩን ያገኘው በ1770፣ 46 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ሄግል በ1807 ትልቁን መጽሐፉን ባወጣበት ዓመት ወደ ጋዜጣ አዘጋጅነት ነው የሄደው። ከ1808 እስከ 1816 ደግሞ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበር። ሁለቱም ሌላ ሥራ ይዘው ነው ያሰቡት። አንቺም ያዢ።

ምን ዓይነት ሥራ? አንድ ላሳይሽ። አንድ ድርጅት የደንበኞቹን መልእክት በኮምፒውተር ማስደርደር ፈለገ እንበል። ማሽኑን ለማሠልጠን ሠራተኞች እያንዳንዱ መልእክት ላይ «ቅሬታ»፣ «ጥያቄ» ወይም «ምስጋና» ብለው ይለጥፋሉ። «ስደውል ይሄ ሦስተኛዬ ነው፣ ዕቃዬ መቼ ነው የሚደርሰው?» የሚለው የቱ ጋ ይገባል? አንዱ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ፤ ማሽኑም ግራ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ሠራተኛው ነው። ካንትን በወጉ ያነበበ ሰው ግን ሳጥኖቹን ዞር ብሎ ያያል። ሦስቱ ሳጥኖች መልእክቱ ውስጥ አልነበሩም፤ ይዘናቸው የመጣነው እኛ ነን። (የካንት ምድቦች፣ እንደ ምክንያትና ውጤት ያሉት፣ እንዲህ በስብሰባ የሚቀየሩ አይደሉም፤ የሰው አእምሮ ሁሉ ሳይጋራቸው ማወቅ አይችልም ነው የሚለው። ፈታኝ ፊት ይህን እንዳታምታቺ።) ይህን ዓይነት ዓይን የሚፈልግ ቦታ አለ፦ የዳታ ምደባ፣ የመጠይቅ ዝግጅት፣ አርትዖት፣ የሕግ ረቂቅ። ሲቪሽ ላይ ካወጣሽው ዓረፍተ ነገር ቦታ የሠራሽውን ጻፊ፤ «አንድን አሻሚ ጽሑፍ በስንት መንገድ ሊነበብ እንደሚችል ለይቼ የ10 ገጽ ትንታኔ ሠርቻለሁ» ዓይነት ነገር።

ካንትና ሄግል የጻፉበትን ጀርመንኛ አሁኑኑ ጀምሪ፣ በኋላ ጊዜ አይኖርሽም። የሚቀጥለው ሴሚስተር ከመግባቱ በፊት የምርምር ጥያቄሽን በአንድ ገጽ ጻፊና «ሞቷል» ላሉሽ መምህር ስጪያቸው። የተቃውሞውን ጎን ስለሚያውቁት፣ አማካሪሽ ቢሆኑ ደስ ይለኛል።