ኢሜይላችን ሲታገድ ከይቅርታ ጥያቄ በፊት የሚሠራው ሥራ

ጠያቂያችን የመሥሪያ ቤታቸው ሰርቨር ወደ ሆትሜይልና አውትሉክ የሚልከው ኢሜይል ሁሉ በ550 ኮድ እየተመለሰባቸው መሆኑን፣ ወደ ጂሜይል የሚሄደውም ስፓም ውስጥ እየገባ መሆኑን ገልጸው፣ «አይፒ አድራሻውን (ሰርቨሩ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ልቀይር ወይስ እገዳው እንዲነሣልኝ ላመልክት?» ብለዋል። እኔ በዚሁ ችግር ውስጥ ስላለፍሁ፣ ከሁለቱም በፊት የሚቀድም ሥራ አለ እላለሁ።

መጀመሪያ የተመለሰውን መልእክት ሙሉውን ያንብቡት። በ4 የሚጀምር ኮድ ለጊዜው የተያዘ ማለት ስለሆነ ሰርቨሩ ራሱ ደጋግሞ ይሞክራል፤ በ5 የሚጀምረው ግን ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው። የሆትሜይልና የአውትሉክ ባለቤት ማይክሮሶፍት ኤስ3140 (S3140) የሚል ምልክት ከጻፈ፣ የታገደው የእርስዎ አድራሻ ብቻ ሳይሆን አቅራቢዎ የሚያከራየው የአይፒ ክልል ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩን ወደ አቅራቢው መውሰድ ያስፈልጋል። ስፓም የሚላክባቸውን አድራሻዎች የሚመዘግበው ስፓምሃውስ የተባለ ድርጅት ከተጠቀሰ ደግሞ ከመዝገቦቹ የትኛው እንደሆነ ይለዩ፤ ፒቢኤል (PBL) በቀጥታ ኢሜይል መላክ የሌለባቸውን አድራሻዎች የሚይዝ እንጂ ክስ አይደለም፣ ኤክስቢኤል (XBL) ግን በአብዛኛው በቫይረስ ወይም በሰርጎ ገብ የተያዘ ማሽን መኖሩን ያመለክታል።

እኔ የማስተዳድረው የአንድ አስመጪ ድርጅት ሰርቨር በታገደ ጊዜ፣ ሰኞ ጠዋት የመላኪያውን ወረፋ ስከፍት ከወትሮው ዐሥርና ሃያ መልእክት ይልቅ ከ14 ሺህ በላይ ተከምሮ አገኘሁ። ኢሜይሉን የሚልከው ፖስትፊክስ የተባለ ፕሮግራም በሚይዘው የሥራ መዝገብ (ሎግ) ውስጥ እያንዳንዱ መልእክት በማን ስም ተገብቶ እንደተላከ ስቆጥር፣ ሁሉም ከአንዲት የንብረት ክፍል ሠራተኛ አካውንት የወጣ ነበር፤ ፓስወርዷ በሐሰተኛ የመግቢያ ገጽ ተወስዶባታል። ፓስወርዱን ወዲያው ቀየርሁ፣ ነገር ግን ወረፋውን ሳላጸዳ በዚያው ዕለት እገዳው እንዲነሣ አመለከትሁ። ተነሣልኝም፤ ሌሊቱን ግን የቀረው ክምር ሲወጣ አደረና በማግሥቱ እንደገና ታገድን፣ ሁለተኛው ማመልከቻ ደግሞ ብዙ ቀናት ፈጀ። ስለዚህ አካውንቱን ዝጉ፣ ወረፋውን አጽዱ፣ ለአንድ ሰው በሰዓት የሚፈቀደውን የመልእክት ብዛት ገድቡ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አመልክቱ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላም ምክንያት አለ፤ ሠራተኞች የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ሁሉ ወደ ግል ጂሜይላቸው እንዲተላለፍ ሲያደርጉ፣ የሚደርሳቸው ስፓምም በእናንተ አይፒ ስም ወደ ጉግል ይሄዳል።

ኤስፒኤፍ (SPF፣ በዶሜይናችሁ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር) እና ዲኪም (DKIM፣ በመልእክቱ ላይ የሚታተም ዲጂታል ፊርማ) መስተካከላቸውን ያረጋግጡ። ጉግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዛት ለሚልኩ (በጉግል በኩል በቀን ከ5,000 በላይ) ሁለቱን ማረጋገጫዎች ያላለፈ መልእክት ምን እንደሚደረግበት የሚገልጸውን ዲማርክን (DMARC) ጨምረው ግዴታ አድርገዋል፤ የተቀባዮች የስፓም አቤቱታም ከ0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይጠይቃሉ። የአይፒው ፒቲአር (PTR) መዝገብ፣ ማለትም ቁጥሩ የየትኛው ስም እንደሆነ የሚናገረው መዝገብ፣ ከሰርቨሩ ስም ጋር መግጠም አለበት፤ ይህንንም የሚያስተካክለው ዶሜይኑን የሸጠላችሁ ሳይሆን የአይፒው ባለቤት ስለሆነ፣ ለኢንተርኔት አቅራቢያችሁ በጽሑፍ አመልክቱ።

ስፓምሃውስ ከመዝገብ ለማውጣት ገንዘብ አይጠይቅም፤ በስሙ ክፍያ ለሚጠይቅ ሰው አትክፈሉ። እገዳው እንዲነሣ የሚጠየቅበትን የማይክሮሶፍት ቅጽ ስትሞሉ ምን ተፈጥሮ እንደነበርና እንዴት እንደተዘጋ በሁለት ዐረፍተ ነገር በግልጽ ጻፉ፤ ለእኔ መጀመሪያ የመጣው በማሽን የተጻፈ «ምንም አላገኘንም» የሚል ምላሽ ነበር፣ ለዚያው ኢሜይል መልሼ ስጽፍ ግን ሰው ተመልክቶት ተፈታልኝ። በጂሜይል በኩል ያለው ችግር ከአንድ መዝገብ በመውጣት የሚፈታ አይደለም፤ መልካም ስም የሚመለሰው ተቀባዮች የሚፈልጉትን ኢሜይል በትንሽ በትንሹ እየላኩ ነው፣ የስፓም አቤቱታውን መጠንም ጉግል ለላኪዎች ባዘጋጀው ፖስትማስተር ቱልስ በተባለ ገጽ መከታተል ይቻላል።

አይፒ መቀየርን በተመለከተ፣ አዲሱ አድራሻ ታሪክ ስለሌለው በጥርጣሬ ይታያል፣ ምንጩ ካልተዘጋም በቀናት ውስጥ ያው ይደርስበታል። ደመወዝና ጨረታን የመሳሰለ አስቸኳይ ደብዳቤ ካለባችሁ፣ እስኪፈታ ድረስ እርሱን ብቻ በሌላ የታወቀ የኢሜይል ማስተላለፊያ አገልግሎት በኩል ላኩ። የተመለሰውን መልእክት ሙሉ ቃል የተቀባዩን አድራሻ ሸፍነው ቢለጥፉልን፣ የታገደው አድራሻዎ ይሁን ክልሉ አብረን እናየዋለን።