አፍንጫ በአንድ ወገን ብቻ ከታፈነ፦ ለወጣት ሐኪሞች

«ዶክተር፣ አፍንጫ ውስጥ ሥጋ ካየን ለምን እዚያው ቆርጠን ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ) አንልክም?» እዚህ ደሴ ኢንተርን የሆነች ልጅ ናት የጠየቀችኝ። በአንድ ቃል መመለስ አልሆነልኝም፤ ከኮምቦልቻ የመጣው ልጅ ትዝ አለኝ።

የ15 ዓመት ጎረምሳ ነው። ግራ አፍንጫው ከታፈነ ዓመት አልፎታል፣ በየጊዜው ይነስረዋል። ቤተሰቡ ፀሐይ መትቶት ነው ብለው አናቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያፈሱለት ከረሙ፤ አንዱ ጤና ተቋም የአለርጂ ጠብታ ሰጠው። በኋላ ሌላ ቦታ በመብራት ሲያዩት ከአፍንጫው ጀርባ ለስላሳ ቀላ ያለ ነገር አገኙ። ፖሊፕ (ካንሰር ያልሆነ የአፍንጫ ውስጥ እብጠት) መሰላቸውና ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ቆነጠሩለት። ደሙ አልቆም አለ። ጎዝ ጠቅጥቀው ዳገቱን ወደ ደሴ ላኩት። ሲደርስ ከንፈሩ ነጥቷል፣ የእናቱ ነጠላ በደም ርሷል፤ «አብሽሪ» የሚላት እንኳ ድምፁ አይወጣም። ከኋላ በፎሊ ካቴተር (ጫፉ ላይ ፊኛ ባለው ቱቦ)፣ ከፊት በቫዝሊን ጎዝ ታሽጎ፣ ደም ተሰጥቶት ተረፈ። ያቺ የተቆነጠረች ሥጋ ግን ጠፋች፤ በዚያ ጥድፊያ ናሙና ማቆያውን ፎርማሊን ማን ያስታውሳል?

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ካርዱ ላይ የነበረው ብቻ ይበቃ የነበረ መሆኑ ነው። ወንድ፣ ጎረምሳ፣ የታፈነው አንዱ ወገን፣ ነስር። አራቱ ሲገጥሙ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ አንጂዮፋይብሮማ (ደም ሥር የበዛበት እብጠት) ነው በሉ። ካንሰር አይደለም፤ የደም ሥሮቹ ግድግዳ ግን በቂ ጡንቻ ስለሌለው ሲቆረጡ ተኮማትረው ደሙን አይገቱም። መነሻው ከአፍንጫው ጀርባ በጎን በኩል ያለው ስፌኖፓላታይን ቀዳዳ አካባቢ ነው። በኮንትራስት (በደም ሥር በሚሰጥ ማድመቂያ) ሲቲ ደምቆ ይታያል፣ የማክሲላሪ ሳይነስን (ከጉንጭ ሥር ያለውን የአጥንት ክፍተት) የኋላ ግድግዳ ወደ ፊት ገፍቶ ያጎብጠዋል። ይህን ካያችሁ ናሙና አያስፈልግም። ከቀዶ ጥገናው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ቀደም ብሎ መጋቢ የደም ሥሩ ከውስጥ ቢደፈን ይመረጣል፤ ስለዚህ ያ አገልግሎት ወዳለበት ሪፈር በሉት። በሽተኛዋ ሴት ከሆነች ግን ምርመራውን ከሥሩ ጠርጥሩ።

ሌላው መቆረጥ የሌለበት ኢንሴፋሎሲል (በራስ ቅል ቀዳዳ ወደ አፍንጫ የወረደ የአንጎል ሽፋን ወይም አንጎል) ነው፦ ሕፃኑ ሲያለቅስ ወይም የአንገቱ ደም መላሾች በቀስታ ሲጫኑ የሚያብጥ፣ አንዳንዴም ጥርት ያለ ውሃ የሚያንጠባጥብ። ከአንጎል ጋር የተገናኘ ስለሆነ ቢቆነጠር ማጅራት ገትር ሊከተል ይችላል።

የዛሬ ልጆች ኢንዶስኮፕ አያያዛችሁ ያስቀናል። ግን የሲቲ ሪፖርት በስልክ አንስታችሁ በቴሌግራም «ምንድን ነው?» ስትሉኝ እበሳጫለሁ። ሪፖርቱ «ሳይነሳይተስ» (የሳይነስ ብግነት) ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ሙሉውን ምስል፣ በተለይ የአጥንቱን መስኮት (አጥንት ጎልቶ የሚታይበትን ዕይታ)፣ ራሳችሁ እዩ።

አትቁረጡ ስል ቆይቼ አሁን ደግሞ ቁረጡ ልል ነው። በ50ዎቹ ያለ ሰው አንድ አፍንጫው ብቻ ታፍኖ ከመጣ፣ ምስሉ ከተነሣ በኋላ ናሙና ሳይወሰድለት አይሂድ። ኢንቨርትድ ፓፒሎማ (ወደ ውስጥ የሚያድግ፣ በራሱ ካንሰር ያልሆነ እብጠት) ፖሊፕ ይመስላል፤ ሆኖም ጠንከር፣ ጎርበጥ ያለ ነው፣ አንዳንዴም ከተራ ፖሊፖች ጀርባ ተደብቆ ይገኛል። ስለዚህ ከፊት ያለውን ብቻ ቆንጥራችሁ አትርኩ። ሲቲ ላይ አንድ ቦታ ወፍሮ የሚታይ አጥንት ብዙውን ጊዜ የተጣበቀበትን ሥር ይጠቁማል። ያ አጥንት በድሪል ካልተፋቀ ተመልሶ ይበቅላል። ካንሰርም አብሮት ሊኖር ስለሚችል ክትትሉ በዓመታት የሚቆጠር ነው።

ደግሞ ፖሊፕ ተብሎ ከሚላክልን ስንቱ ያበጠ ተርቢኔት (በአፍንጫ ጎን በተፈጥሮ ያለ እጥፋት) ነው! ዛይሎሜታዞሊን (እብጠት የሚቀንስ) እና ሊዶኬይን (የሚያደነዝዝ) ያለበት ጥጥ 10 ደቂቃ አስቀምጡና እንደገና እዩ፤ ተርቢኔት ይሟሽሻል፣ ፖሊፕ ያው ነው። መድኃኒቱ ሳያደነዝዘው በፕሮብ ከነካችሁት ደግሞ ተርቢኔት ያማል፤ ፖሊፕ አያምም፣ ይንቀሳቀሳል።

ናሙናው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ ፈሳሹ የሥጋውን መጠን 10 እጥፍ ያህል ይሁን። ወረቀቱ ላይ «የአፍንጫ ሥጋ» ብቻ ጽፋችሁ አትላኩ፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ወገኑ፣ ሲቲው ያሳየው፣ የጠረጠራችሁት። ቅርፊት የሚበዛበት ከሆነ «ራይኖስክሌሮማ?» (ሥር የሰደደ የአፍንጫ የባክቴሪያ በሽታ) ብላችሁ ጨምሩ፤ ፓቶሎጂስቱ የበሽታው መለያ የሆኑትን ሚኩሊች ሴሎችን ይፈልግላችኋል። ከሁለቱም ወገን ከወሰዳችሁ በሁለት ጠርሙስ ለዩት፣ ቀኝና ግራውን ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ።