በሐይቅ ዳር በእግር፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስድስት ጓደኛሞች ነን፤ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። መስከረም እንደጠባ ከደሴ በስተ ሰሜን ያለውን ሎጎ ሐይቅን በአንድ ቀን ዙሪያውን በእግር ልንዞር አስበናል። ይቻላል? ከየት እንጀምር? (አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ይቻላል፤ መስከረም ላይ ግን አይደለም። ጥቅምት አጋማሽን አሳልፉ።

መጀመሪያ ስሌቱን እንያዝ። ሐይቁ ርዝመቱ 6.7፣ ስፋቱ 6 ኪሎ ሜትር ነው። ክብ ነው ብለን ብናሰላው እንኳ ዙሪያው 20 ኪሎ ሜትር ይሞላል። ዳርቻው ግን ክብ አይደለም፤ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ፊላና ደንገል የዘጋው ቦታ ስታገኙ ወደ ላይ ወጥታችሁ ዞራችሁ ትወርዳላችሁ። ስለዚህ 25 ኪሎ ሜትር ብላችሁ ተነሱ። በእንዲህ ያለ መሬት በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር መሄድ ደህና ነው፤ ይህም ዕረፍት ሳይጨመር ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ዕረፍቱና ጭቃው ሲጨመርበት፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ያልተነሳ ሰው መጨረሻውን በጨለማ ሊጓዝ ይችላል።

ከሐይቅ ከተማ ወርዳችሁ ውኃውን በግራ እጃችሁ ይዛችሁ ዙሩ። እንዲህ ከሆነ ሩቁን የምሥራቁን ዳርቻ በጉልበታችሁ ጊዜ ትጨርሱታላችሁ፤ ሲደክማችሁ ደግሞ ከተማውና አስፋልቱ ያሉበት የምዕራቡ ዳርቻ ላይ ትሆናላችሁ። በተቃራኒው የዞረ ሰው የሚደክመው መኪና በሌለበት በኩል ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስለምትመጣ ባርኔጣ አይረሳ። 6 ሰዓት ላይ ግማሹን ካላለፋችሁ ዙሩን ተዉትና ቅርብ ወዳለው የመኪና መንገድ ውጡ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፣ ወደ ጭቃው። ሎጎ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። የሚገባው ውኃ በአብዛኛው በትነት ነው የሚቀንሰው፤ ክረምቱ ከበረታ ዳርቻው ይገፋል፣ ከደረቀ ይሸሻል። አምና የሄዳችሁበት መንገድ ዘንድሮ ውኃ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ካርታ ላይ የተሰመረ የዳር መንገድ ብዙም አትመኑ። ውኃው የለቀቀው መሬት ላዩ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ገና ልል ነው፤ ሲረግጡት ቅርፊቱ ይሰበርና እግር እስከ ቁርጭምጭሚት፣ አንዳንዴም እስከ ጉልበት ይሰምጣል። ጫማ የሚቀረው እዚያ ነው። በዱላ ወጋ አድርጉት፤ ከአንድ ስንዝር በላይ ከገባ ወደ ላይ ውጡ። ከዱላውም የሚሻል ምልክት አለ፦ ከብት ውኃ የሚጠጣበትን መንገድ ፈልጉና የኮቴውን ዱካ እዩ። ዱካው ደርቆ ጠርዙ ከቆመ ያሳልፋል፤ ውስጡ ውኃ ካቆረ አያሳልፍም። ከላይ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚወርደውን ወንዝ አፉ ላይ አትሻገሩት፤ ደለል ነው። ገበሬው ወደሚሻገርበት ወደ ላይ ውጡ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ማሽላውና ጤፉ ገና ማሳ ላይ ሊሆን ይችላል፤ በድንበሩ እንጂ በማሳው መሀል አትለፉ። «አባቴ፣ በዚህ ያሳልፋል?» ብሎ መጠየቅ ከየትኛውም መሣሪያ ይሻላል፤ የዕለቱን መንገድ የሚያውቀው ገበሬው ነው። የአካባቢውን ጸጥታም ከመነሳታችሁ በፊት ሐይቅ ከተማ ላይ ጠይቁ።

ስንቅ፦ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውኃ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ትርፍ ካልሲ። እግርን ውኃ የሚያስቋጥረው እርጥብ ካልሲ ነውና እግራችሁ ሲርስ ወዲያው ቀይሩ። ስትመለሱ ዓሣ ልትበሉ ካሰባችሁ ጠዋት ስትነሱ እዘዙ፤ ማታ ደርሶ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ መፈለግ ተስፋ ማስቆረጥ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ የሐይቅ እስጢፋኖስን የደሴት ገዳም ሳላይ አልሞትም ትላለች። ጀልባ ያስፈልገናል? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ደሴት የሚለው ስሙ ነው የቀረው። ውኃው ሸሽቶ ዛሬ ቦታው ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ በእግር ይገባል። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ ያለው ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አስፋልት ነው፤ ከከተማው ወደ ገዳሙ ባጃጅ ይዘው እናትዎን ከእግር ጉዞ ቢያሳርፉ ይበጃል።

አስቀድመው ሊነግሯቸው የሚገባ ነገር አለ፦ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ የገነነው ይህ ገዳም የወንዶች ነው፤ ሴት አይገባበትም። የሴቶች ገዳም ለብቻው አለ። ደጁ ላይ ደርሰው ከሚያዝኑ ከቤት አውቀውት ቢሄዱ ይሻላል። ጀልባ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ ገዳሙን ከውኃው ላይ ሆነው ያዩታል። ጠዋት ይሁን። ቀትር ሲያልፍ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋስ ይነሳል፤ ትንሽ ጀልባም ይንገላታል። ዋጋውን ደርሶ መልስ ብለው ሳይሳፈሩ ይቁረጡ፤ የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ አይሳፈሩ፤ ሐይቁ እስከ 88 ሜትር ይጠልቃል። ወር በገባ በ17 የእስጢፋኖስ፣ ኅዳር 26 ደግሞ የአባ ኢየሱስ ሞዐ በዓል ስለሆነ ሰው ይበዛል፤ ግፊያ ለማይችሉ ሰው ሌላ ቀን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ሐይቅ ዳር ስንሄድ ሣሩ ውስጥ ውኃ ገብቶ ሲጫወት ቆየ። ብልሃርዝያ ይይዘዋል ብለው አስፈራሩኝ። ነገ ላስመርምረው? (አንባቢ፣ ከወልዲያ)

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ በሐይቅ አካባቢ ብልሃርዝያ አለ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣርና ፊላ ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። ነገ ቢያስመረምሩት ግን «የለበትም» ይባሉና ይዘናጋሉ፤ በሽታውን የሚያመጣው ትል አድጎ እንቁላሉ በሰገራ እስኪታይ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ቀኑን ይጻፉና ያኔ ይውሰዱት። ከዚያ በፊት ትኩሳት፣ ሳል ወይም የሆድ ሕመም ከመጣበት ወዲያው ጤና ጣቢያ ሄደው ውኃ ውስጥ እንደነበረ ይንገሯቸው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በልጁ ክብደት ተመዝኖ ነው የሚሰጠው፤ ለጋውን ትል በደንብ ስለማይገድል ከፋርማሲ ገዝቶ ቀድሞ መስጠት አይረዳም።

ጥያቄ፦ ለግማሽ ቀን ብቻ የሚሆን? ሎጎ ሰው በዛበት። (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አርዲቦ። ከሎጎ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ትርፍ ውኃው የሚወርደውም ወደ ሎጎ ነው። ጸጥ ያለ ነው፤ ለግማሽ ቀን አንዱን ዳርቻ ሄዶ በዚያው መመለስ ይበቃል። ደሴ ካደሩ ደግሞ በደቡብ በኩል ያለው ማይባር አለ፤ ትንሽ ሐይቅ ነው፣ ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ከፍታው ብዙም አይከብደውም፤ ጠዋት ብርዱ ግን ጋቢ ያስናፍቃል።