የበርሚንግሃሙ ግብ ጠባቂ ሃሪ ሂብስ

ጥያቄ፦ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ለእንግሊዝ ከተሰለፉ ግብ ጠባቂዎች መካከል የሃሪ ሂብስ ስም በታላቅነት ይነሣል። ነገር ግን ቁመቱ ለግብ ጠባቂ አጭር እንደ ነበረና ከክለቡ ጋር አንድም ትልቅ ዋንጫ እንዳላነሣ አንብቤአለሁ። ታዲያ ታላቅ ያሰኘው ምንድን ነው?

መልስ፦ ያነበቡት ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በስታፈርድሺር የተወለደው ሂብስ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ75 የሚዘል አልነበረም፤ ከ1924 ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መባቻ ያገለገለው በርሚንግሃምም በእርሱ ዘመን ዋንጫ አልወሰደም። ክለቡ ለዋንጫ እጅግ የቀረበው በ1931 ሲሆን፣ በዌምብሌይ በተካሄደው የእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ በዚያን ጊዜ በሁለተኛ ዲቪዚዮን ይጫወት በነበረው በዌስት ብሮሚች አልቢዮን 2 ለ 1 ተሸነፈ። ጆ ብራድፎርድ ለበርሚንግሃም የአቻነቷን ግብ አስቆጥሮ ጨዋታው ከመሐል እንደ ተጀመረ የአልቢዮኑ ሪቻርድሰን ሁለተኛዋን ግብ በማግባቱ፣ ደስታው ገና ሳይበርድ ዋንጫው ከእጃቸው ወጣ።

የሂብስ ታላቅነት በእኔ እምነት ያለው በቦታ አያያዙ ላይ ነው። አጥቂው ከጎን እየገፋ ሲመጣ ግብ ጠባቂው መስመሩ ላይ ተተክሎ ቢጠብቀው፣ 7 ሜትር ከ32 የሆነው የግቡ ስፋት ግራና ቀኙ ክፍት ሆኖ ይታየዋል፤ በኳሱና በግቡ መካከል ባለው መስመር ላይ ሁለት ወይም ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ቢወጣ ግን ክፍተቱ ከሁለቱም በኩል ይጠብባል። ከመጠን በላይ ከወጣ ደግሞ ኳሱ በአናቱ ላይ ያልፋል፤ አጭር ለሆነ ሰው ይህ አደጋ ይበልጥ ያሰጋዋል። ሂብስ ይህንን ልክ ያውቅ ስለ ነበር ሌሎች ተወርውረው የሚያድኑትን ኳስ ቆሞ በደረቱ ይቀበለው ነበር። ተመልካች አስደናቂ ዝላይ ባለማየቱ ሥራው ቀላል ይመስለው ይሆናል፤ ሆኖም ከምቱ በፊት የተሠራው ሥራ ከዝላዩ የሚበልጥ መሆኑን አጥብቄ እናገራለሁ።

ዘመኑ ለግብ ጠባቂዎች የማይመች እንደ ነበረም ማሰብ ይገባል። በ1925 የ«ከጨዋታ ውጪ» ሕግ ተሻሽሎ በአጥቂው ፊት መኖር የሚገባቸው ተጋጣሚዎች ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ በማለታቸው፣ በአንደኛ ዲቪዚዮን በአንድ የውድድር ዓመት የተቆጠሩት ግቦች ከ1,192 ወደ 1,703 አሻቀቡ። ከዚህም በላይ ኳስ የያዘን ግብ ጠባቂ በትከሻ መግፋት የተፈቀደ ነበር፤ የቆዳው ኳስም ዝናብ ሲመታው ውኃ ጠጥቶ ይከብድ ነበር። ኳሱን አንዴ ይዞ አለመልቀቅ የግድ የነበረው ለዚህ ነው።

ሂብስ በክለቡ፣ ቀድሞ ለእንግሊዝ የተሰለፈውን ግብ ጠባቂ ዳን ትሬምሊንግን ተክቶ ቦታውን ከያዘ በኋላ፣ በኅዳር 1929 ለብሔራዊ ቡድኑ በመጀመሪያ ጨዋታው ዌልስን 6 ለ 0 ሲያሸንፉ ተሰለፈ፤ እስከ 1936 ድረስም 25 ጊዜ ተጫወተ። ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚታወሰው በታኅሣሥ 1931 በለንደኑ ሃይበሪ ስታዲየም ከስፔን ጋር የተደረገው ግጥሚያ ነው። ስፔን በ1929 ማድሪድ ላይ እንግሊዝን 4 ለ 3 አሸንፋ ስለ ነበር የበቀል ስሜት ነበረበት፤ በስፔን ግብ የቆመው ደግሞ በአውሮፓ አቻ የለውም ይባል የነበረው ሪካርዶ ዛሞራ ነበር። ውጤቱ 7 ለ 1 ሆነ። ዛሞራን በአንድ ቀን ውጤት ማሳነስ ተገቢ ባይሆንም፣ የዚያን ቀኑ ንጽጽር ለሂብስ አደላ።

ለበርሚንግሃም በሊግ 358 ጨዋታዎችን ያደረገው ሂብስ ከ1944 እስከ 1951 ዎልሶል የተባለውን ክለብ አሠለጠነ፤ በ1984 አረፈ። በበርሚንግሃም ያደገውና በ1950ዎቹ የእንግሊዝ ግብ ጠባቂ የሆነው ጊል ሜሪክ አርአያ ያደረገው እርሱን ነበር።